የተበታተነ ድምፅ ወንበር አያገኝም፤ የተጣደፈ ኅብረትም ዕድሜ የለውም

የትናንሽ ግራ ዘመምና የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲዎች የምርጫ ኅብረት ለከተማው መራጭ ምን ያስተምራል?

ውድ መራጭ፣

ምርጫ በደረሰ ቁጥር ከከተማው ነዋሪ አንደበት የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነው፤ ታዲያ ለምን አንድ አትሆኑም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤት ኪራይ እንዲረጋጋ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከኑሮው ጋር እንዲመጣጠን፣ ወንዙ ከፋብሪካ ዝቃጭ እንዲጸዳ፣ ቆሻሻ በድሃው ደጃፍ እንዳይከመር የሚሉ ሦስትና አራት ፓርቲዎች በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ተደርድረው ሲታዩ መራጩ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ «አንድ ሁኑ» ብሎ ማለፍም በቂ መልስ አይደለም። ፓርቲዎች ሳይተባበሩ ቀርተው የሕዝብ ድምፅ የባከነበት ታሪክ አለ። በችኮላ ተባብረው የሕዝብ ድምፅ ያባከኑበትም ታሪክ አለ። በእኛ እምነት መራጩ ሁለቱንም ማወቅ ይገባዋል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓ የሚገኙ ትናንሽ የግራና የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲዎች ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ያለፉበትን መንገድ ከነድሉና ከነውድቀቱ እናቀርባለን። የአውሮፓ ምርጫዎች ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ግራውና አረንጓዴው ለምን ይፈላለጋሉ?

ግራ ዘመም የሚባሉት ፓርቲዎች መነሻቸው የሠራተኛውና የዝቅተኛ ገቢ ባለቤቱ ጥቅም ነው። አረንጓዴ የሚባሉት ደግሞ የአየር፣ የውሃ፣ የአፈርና የደን ጥበቃን ያስቀድማሉ። በመጽሐፍ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እንዲያውም ግራው ለፋብሪካው ሠራተኛ እንጀራ ሲቆም፣ አረንጓዴው ፋብሪካው ይዘጋ እስከማለት ስለሚደርስ የሚጋጩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በከተማ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ አደጋ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነበር ወይስ የድህነት ጉዳይ? ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሶ የሚኖረው፣ ከክምሩ ላይ የዕለት ጉርሱን የሚለቅመው ድሃው ነው። ቆሻሻው የመላው ከተማ ነበር፤ ሞቱ ግን የድሃው ሆነ። ስለ ቆሻሻ አያያዝ የሚታገል ፓርቲና ስለ መጠለያ የሚታገል ፓርቲ በዚህ ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ሊናገሩ አይችሉም። የግራና የአረንጓዴ ኅብረት መሠረቱ እዚህ ላይ ነው።

2. ድምፅ እንዴት ይባክናል?

ለምሳሌ ያህል በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ገዥው ፓርቲ 3,800 ያገኛል። ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው ሁለት ተቃዋሚዎች 3,200 እና 3,000 ያገኛሉ። ከመራጩ 6,200 ሰው ለውጥ ፈልጓል፤ ወንበሩን የሚወስደው ግን 3,800 ያገኘው ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የተደነገገው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አሠራሩ ይህ ነው። ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ፣ ግማሽ ባይሞላም፣ ያልፋል፤ የተቀረው ድምፅ ወንበር አያስገኝም።

ይኸው ሥርዓት በሚሠራባት በእንግሊዝ አገር በ2015 በተደረገው ምርጫ አረንጓዴዎቹ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው ከ650 የፓርላማ መቀመጫዎች የደረሳቸው 1 ብቻ ነበር። በ2024 ድምፃቸው ወደ 1.9 ሚሊዮን ሲያድግ መቀመጫቸው 4 ሆነ።

በፈረንሳይ የ2002ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ትምህርት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮኔል ዦስፓን ከ1997 ጀምሮ የመሩት መንግሥት የሶሻሊስቶች፣ የኮሚኒስቶች፣ የአረንጓዴዎችና የሌሎች ትናንሽ ፓርቲዎች ጥምረት ነበር። ምርጫው ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ዕጩ አቀረበ። የአረንጓዴዎቹ ኖኤል ማሜር 5.25 በመቶ፣ ዣን ፒየር ሸቨንማን 5.33፣ ኮሚኒስቱ ሮቤር ኡ 3.37፣ ክርስቲያን ቶቢራ 2.32 በመቶ አገኙ። ዦስፓን 16.18 ላይ ቆመ። የቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን 16.86 በመቶ አግኝቶ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ። ልዩነቱ ከ200 ሺህ ድምፅ ያነሰ ነበር። በመጨረሻም የግራው መራጭ ለፔንን ለማስቆም ሲል ለቀኙ ዣክ ሺራክ ድምፁን ለመስጠት ተገደደ። በአንድ የመንግሥት ጥምረት ውስጥ አብረው የሠሩ ፓርቲዎች አንድ ዕጩ ማቅረብ ስላልቻሉ ዋጋውን የከፈለው መራጩ ሕዝብ ነው።

የጀርመኑ ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። በታኅሣሥ 1990 የተዋሐደችው ጀርመን የመጀመሪያዋን ምርጫ ስታደርግ የምዕራቡ አረንጓዴዎች ከምሥራቁ ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ዝርዝር አልቀረቡም። ሁሉም ስለ አገር መዋሐድ ሲያወራ እኛ የምናወራው ስለ አየር ንብረት ነው የሚል ይዘት ያለው ፖስተርም ለጥፈው ነበር። በዚያ ምርጫ ፓርላማ ለመግባት በምሥራቅ ወይም በምዕራብ 5 በመቶ ማግኘት ይጠይቅ ነበር። በ1987 በአገራቸው 8.3 በመቶ አግኝተው የነበሩት የምዕራቡ አረንጓዴዎች ከ5 በመቶው ትንሽ ጎድሎባቸው ሙሉ በሙሉ ከፓርላማ ወጡ። በምሥራቅ «ኅብረት 90» ከተባለው የዜጎች ንቅናቄና ከምሥራቁ አረንጓዴዎች የተውጣጣው ትንሽ ዝርዝር ግን ገደቡን አልፎ 8 መቀመጫ ያዘ። ምዕራቡና ምሥራቁ ቀድመው ቢዋሐዱ ኖሮ ምሥራቁ ያለፈው ገደብ ምዕራቡንም ያስገባው ነበር። የሁለቱ አገር አረንጓዴዎች የተዋሐዱት ምርጫው በተደረገ ማግሥት ነው። በአንድ ቀን ዘገዩ፤ የአራት ዓመት ውክልና አጡ። «ኅብረት 90» በ1993 ከተቀላቀላቸው በኋላ በ1994 አብረው ሲወዳደሩ 7.3 በመቶና 49 መቀመጫ አገኙ።

3. የተባበሩት ምን አገኙ?

በሆላንድ አራት ትናንሽ ፓርቲዎች ነበሩ። እነሱም የኮሚኒስት ፓርቲ፣ የሰላማዊ ሶሻሊስቶች ፓርቲ፣ የራዲካሎች ፓርቲና ከወንጌላውያን ክርስቲያኖች የወጣ አንድ ትንሽ ፓርቲ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ1972 ከ150 መቀመጫዎች በድምሩ 16 ነበራቸው። እየተከፋፈሉና ለትልቁ የሠራተኛ ፓርቲ መራጭ እየለቀቁ ሄደው በ1986 አራቱም ተደምረው የቀራቸው 3 ብቻ ሆነ። ኮሚኒስቶቹ ከ1918 ጀምሮ ይዘውት የነበረውን የፓርላማ ቦታ በዚያ ዓመት አጡ።

እነዚህ ሰዎች በሃይማኖትም በርዕዮተ ዓለምም የሚቀራረቡ አልነበሩም። አንዱ ማርክስን፣ ሌላው ወንጌልን ይጠቅሳል። ነገር ግን በሰላም ንቅናቄው ሰልፍ፣ በኑክሌር ኃይል ተቃውሞ፣ በከተማ ምክር ቤቶች ሥራ ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመዋል። ከፊሎቹ ለ1984ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ የጋራ ዝርዝር አቅርበው 2 መቀመጫ አግኝተዋል። በ1989 የአገሪቱ መንግሥት ፈርሶ ድንገተኛ ምርጫ ሲጠራ «አረንጓዴ ግራ» በሚል ስም በአንድ ዝርዝር ቀረቡ፤ 3 የነበረው መቀመጫቸው 6 ሆነ። የተጠበቀው ከዚያ በላይ ነበር፤ ቢሆንም አልተበተኑም። በኅዳር 1990 አዲሱን ፓርቲ በይፋ መሠረቱ፤ በ1991 ነባሮቹን ፓርቲዎች አከሰሙ።

መንገዱ ከዚያ በኋላም አልጋ በአልጋ አልሆነም። በ2012 ወደ 4 መቀመጫ ወርደው በ2017 ወደ 14 ወጥተዋል። በ2023 ከሠራተኛ ፓርቲው ጋር በጋራ ዝርዝር ቀርበው 25 መቀመጫ አግኝተው ነበር፤ በ2025ቱ ምርጫ ግን ወደ 20 ወርደዋል። ኅብረት ድልን በየምርጫው አያስገኝም፤ ሽንፈት ሲመጣ ግን ከፓርላማ ጨርሶ ከመጥፋት ያድናል።

በዴንማርክ በ1989 ሦስት ትናንሽ የግራ ፓርቲዎች የአንድነት ዝርዝር አቋቋሙ፤ በሌላ ስሙ የቀይና የአረንጓዴ ኅብረት ይባላል። የአገሪቱ የመግቢያ ገደብ 2 በመቶ ነው። በ1990 የመጀመሪያ ሙከራቸው 1.7 በመቶ አግኝተው ወደቁ። ብዙ ኅብረት የሚፈርሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ እነሱ ግን ቆዩ። በ1994 በ3.1 በመቶ 6 መቀመጫ፣ በ2011 ደግሞ በ6.7 በመቶ 12 መቀመጫ ይዘው ገቡ።

ለእኛ ለከተሜዎች ይበልጥ የሚቀርበን ግን የከተማ ምርጫ ነው። የፈረንሳይ ሁለተኛ ከተማ በሆነችው በማርሴይ ኅዳር 5 ቀን 2018 በመሐል ከተማ፣ በድሆች ሰፈር፣ ሁለት ያረጁ ሕንፃዎች ተደርምሰው 8 ሰዎች ሞቱ። ነዋሪው አደባባይ ወጣ። በ2020 የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የግራ ፓርቲዎች፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችና የሰፈር ማኅበራት ሰዎች «የማርሴይ ጸደይ» በሚል ስም ተሰባሰቡ። አረንጓዴው ፓርቲ በመጀመሪያው ዙር በይፋ የራሱን ዝርዝር አቅርቦ ነበር፤ ከሁለተኛው ዙር በፊት ተቀላቀለ። ከተማዋን ለ25 ዓመታት የመራው የቀኙ አስተዳደር በዚያ ምርጫ አበቃ። አረንጓዴዋ ሚሼል ሩቢሮላ ከንቲባ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቦታውን ለሶሻሊስቱ ለቤንዋ ፓያን አስረከበች፤ አስተዳደሩም ሳይፈርስ ቀጠለ።

በክሮኤሽያ ዋና ከተማ በዛግሬብ ደግሞ ሚላን ባንዲች የተባለ ከንቲባ ከ2000 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ተቋርጦ እስከ ሞተበት እስከ 2021 ድረስ ከተማዋን ገዝቷል። ከ2006 ጀምሮ የሕዝብ ቦታ ለግል ባለሀብት መሰጠቱን በመቃወም የተነሱ ወጣቶች ቀስ በቀስ ከትናንሽ የግራና የአረንጓዴ ፓርቲዎች ጋር ተያያዙ። በ2020 ተባብረው ለፓርላማ ሲወዳደሩ ከ151 መቀመጫ 7 አገኙ። በ2021 መሪያቸው ቶሚስላቭ ቶማሼቪች የዛግሬብ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2025ም በድጋሚ ተመርጧል። ያነሷቸው ጉዳዮች የቆሻሻ መጣያው፣ የሕዝብ ትራንስፖርቱና የማዘጋጃ ቤቱ ሙስና ነበሩ። ነዋሪው የሚያውቃቸውን ችግሮች ነዋሪው በሚያውቃቸው ሰዎች አማካይነት ነው ያቀረቡት።

4. የተጣደፈ ኅብረት ምን ያመጣል?

እስካሁን የተባለው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል የሚያጸና ነው። ነገር ግን ድሩ ካልተፈተለ አንበሳ ቀርቶ ጥጃም አያስርም። ለዚህ ምስክሯ ጣልያን ናት።

በ2006 ምርጫ በጣልያን ሁለት የኮሚኒስት ፓርቲዎች 5.8 እና 2.3 በመቶ፣ አረንጓዴዎቹ 2.1 በመቶ አግኝተው ነበር። ድምሩ 10.2 በመቶ ነው። በታኅሣሥ 2007 እነዚህ ፓርቲዎች ከአንድ ሌላ የግራ ቡድን ጋር ሆነው «የቀስተ ደመና ግራ» የሚባል ኅብረት መሠረቱ። ምርጫው የተደረገው በሚያዝያ 2008 ነው፤ አራት ወር ያህል ብቻ ነበራቸው። መሪያቸው ፋውስቶ ቤርቲኖቲ በወቅቱ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። 10 በመቶ ቀርቶ 4 በመቶውን ገደብ እንኳ ማለፍ አቃታቸው፤ 3.1 በመቶ አግኝተው አንድም መቀመጫ ሳይዙ ቀሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ኮሚኒስት የሌለበት የጣልያን ፓርላማ ያኔ ታየ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ፓርቲዎቹ በወደቀው የፕሮዲ መንግሥት ውስጥ ሆነው የደጋፊያቸውን ጥያቄ ሳያስመልሱ ቆይተዋል፤ መራጩም ተቀይሟል። ሁለተኛ፣ ኅብረቱ ከላይ በመሪዎች የተዋቀረ እንጂ ከታች በአባላት ያደገ አልነበረም። ነባሩ ምልክት ጠፋ፤ አዲሱን የሚያውቀው አልነበረም። ሦስተኛ፣ ትልቁ የመሐል ግራ ፓርቲ «ድምፃችሁን አታባክኑ» ብሎ መራጩን ወሰደ። በመሆኑም መራጭ በመሪዎች ስምምነት ብቻ አይደመርም።

ጣልያኖቹ ከዚህ ተምረዋል። በ2022 አረንጓዴዎቹና የጣልያን ግራ የሚባለው ፓርቲ የየራሳቸውን ስም ሳይጥሉ በጋራ ዝርዝር ቀረቡ፤ በ3.6 በመቶ ገደቡን አልፈው በታችኛው ምክር ቤት 12 መቀመጫ አገኙ። ከምርጫው በኋላ ስላልተለያዩ በ2024ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ድምፃቸው ወደ 6.8 በመቶ አደገ።

ሌላው አደጋ ትንሹ በትልቁ መዋጡ ነው። በፖርቱጋል በ1982 የተመሠረተው የአረንጓዴዎች ፓርቲ ለብቻው ተወዳድሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር በአንድ ምልክት ይቀርባል። ለረጅም ዘመን በዚሁ መንገድ 2 መቀመጫ ሲያገኝ ኖረ። በ2022 ኅብረቱ ከ12 ወደ 6 መቀመጫ ሲወርድ ስድስቱንም የያዙት ኮሚኒስቶቹ ናቸው፤ አረንጓዴው ፓርቲ ከፓርላማ ወጣ። የራሱ የሆነ መራጭ አላፈራም ነበርና ብቻውን ለመቆም የሚያስችል መሠረት አልነበረውም።

ሦስተኛው አደጋ ከድል በኋላ የሚመጣው ነው። በሰኔ 2024 የፈረንሳይ ፓርላማ በድንገት ሲበተን ሶሻሊስቶች፣ አረንጓዴዎች፣ ኮሚኒስቶችና የዣን ሉክ ሜላንሾን ፓርቲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተስማምተው «አዲሱ ሕዝባዊ ግንባር» ተባሉ። 577ቱን የምርጫ ክልሎች ተከፋፍለው በየክልሉ አንድ ዕጩ አቀረቡ። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ የወጡ ዕጩዎቻቸው ለቀኝ አክራሪው መንገድ ላለመክፈት ራሳቸውን አገለሉ። ውጤቱ ያማረ ነበር፤ 180 ያህል መቀመጫ ይዘው ከሁሉ ቀዳሚ ሆኑ። ሆኖም ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁን የሚለውን አስቀድመው አልወሰኑም ነበር። በአንድ ስም ለመስማማት ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀባቸው። ለብቻ መንግሥት ለመመሥረት የሚያስፈልገው 289 ስላልነበራቸውም ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ከቀኙ ሚሼል ባርኒዬን ሾሙ። በ2025 መጀመሪያ ሶሻሊስቶቹ በመንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ የመንፈግን ጥያቄ አንደግፍም ሲሉ ግንባሩ ተሰነጠቀ። መቀመጫ ለመከፋፈል አራት ቀን በቂ ሊሆን ይችላል፤ አብሮ ለማስተዳደር ግን አይበቃም።

5. የራሳችን ልምድ

ከላይ ያየናቸው ፓርቲዎች ግራና አረንጓዴ ናቸው። በእኛ አገር በ1997 ዓ.ም. የተባበሩት ፓርቲዎች በዚያ ስያሜ የሚጠሩ አልነበሩም። የኅብረት ሒሳብ ግን ርዕዮተ ዓለም አይመርጥም።

በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ ቅንጅትን መሠረቱ። ሌሎች ፓርቲዎች ደግሞ በኅብረት ተሰባሰቡ። በይፋ በተገለጸው፣ ብዙ ክርክር ባስነሳው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎችና ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። የከተማው መራጭ ድምፁ ሲሰበሰብ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በዚያች ቀን አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ለተከተለው ቀውስ፣ ግድያና እስር ተጠያቂው መራጩም ኅብረቱም እንዳልሆነ ጸንተን እናምናለን። ያም ሆኖ ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ፣ ቅንጅት ሆነን እንቀጥል ወይስ እንዋሐድ የሚሉት ጥያቄዎች ከምርጫው በፊት በጽሑፍ መልስ ስላልተበጀላቸው መሥራቾቹን ለያዩአቸው። በ2002ቱ ምርጫ መድረክ ከ547 መቀመጫ ያገኘው 1 ብቻ ነበር። የፖለቲካው ምኅዳር ጠቦ እንደነበር አይካድም፤ የተቃዋሚው መከፋፈልም የራሱ ድርሻ ነበረው።

6. መራጩ ለማንኛውም ኅብረት ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በመሆኑም ትናንሽ ፓርቲዎች ተባብረን መጥተናል ሲሏችሁ፣ እኛም ብንሆን፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

ሀ) የጋራ ፕሮግራማችሁ በጽሑፍ አለ ወይ? ሁሉንም ነገር የሚያካትት መሆን አያስፈልገውም። በኪራይ ቤት፣ በውሃ፣ በቆሻሻ፣ በትራንስፖርት፣ በሥራ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደምትሠሩ የሚናገር አጭር ሰነድ ይበቃል። የማትስማሙባቸውም ጉዳዮች በግልጽ ይጻፉ። ግራው ፋብሪካው ይቀጥል፣ አረንጓዴው ፋብሪካው ይዘጋ የሚል ከሆነ፣ ሠራተኛው ሥራ ሳያጣ ወንዙ የሚጸዳበትን መንገድ ከምርጫው በፊት ይንገሩን።

ለ) ዕጩዎችን ማን መረጣቸው? መሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የተከፋፈሉት ከሆነ የጣልያኑን ውድቀት ያስታውሷል። በየምርጫ ክልሉ ያሉ አባላት ተሰብስበው በነዋሪው ዘንድ የሚታወቅ ሰው ካቀረቡ ግን ኅብረቱ ሥር አለው።

ሐ) ከዚህ በፊት አብራችሁ ምን ሠራችሁ? የሆላንዶቹ ለዓመታት በሰልፍና በማዘጋጃ ቤት፣ የዛግሬቦቹ ከዐሥር ዓመት በላይ በሰፈር ትግል አብረው ቆይተዋል። የምርጫ ዘመቻ ሲጀመር የተዋወቀ ኅብረት ዘመቻው ሲያልቅ ይለያያል።

መ) ትንሹ ፓርቲ ድምፁ ይሰማል ወይ? በኅብረቱ ውስጥ ውሳኔ የሚተላለፈው እንዴት ነው? ከምርጫው በኋላስ የራሱን ስም ይዞ የመናገር መብት አለው?

ሠ) ብታሸንፉ ማን ይመራል? ብትሸነፉ አብራችሁ ትቆያላችሁ ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ፈረንሳዮቹ ሳይመልሱ ገቡ፤ ሁለተኛውን ዴንማርኮቹ በተግባር መለሱት።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በአዳራሽ ስብሰባ፣ በዕድር፣ በሥራ ቦታ፣ ዕጩው ቤታችሁ ድረስ ሲመጣም አንሱ። የሚሸሽ ዕጩ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

7. አቋማችን

በእኛ አመለካከት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በሚሠራበት አገር ተቀራራቢ ዓላማ ያላቸው ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ እርስ በርስ መወዳደራቸው የመራጩን አደራ መብላት ነው። ስለዚህም መጀመሪያ መደረግ ያለበት ውህደት ሳይሆን አለመሻማት ነው። በየምርጫ ክልሉ ከተቀራራቢ ፓርቲዎች አንድ ዕጩ ብቻ እንዲቀርብ መስማማት ይቻላል፤ ይህም የማንንም ስምና ፕሮግራም አያጠፋም። ቀጥሎ በከተማ ምክር ቤቶች አብሮ መሥራት ይመጣል። ውህደት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አባላት ተወያይተው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ከውህደት የጀመረ ጣራውን ከመሠረቱ በፊት እንደሠራ ሰው ነው።

ከዚህ ጋር ሕጉ ራሱ ለውይይት መቅረብ አለበት። ሆላንድና ዴንማርክ ውስጥ ትናንሽ ፓርቲዎች ተባብረው የተረፉት በከፊል ድምፅ ከመቀመጫ ጋር የሚመጣጠንበት ሥርዓት ስላላቸው ነው። የአገራችን መራጭም ድምፁ በመቀመጫ የሚንጸባረቅበት መንገድ ሊፈለግለት ይገባል። ይህ ግን ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ ባለው ሕግ ድምፅን ማሰባሰብ የፓርቲዎች ግዴታ ነው።

ውድ መራጭ፣

ካርድ ያወጣችሁት ሥራ ፈትታችሁ፣ ሰልፍ ይዛችሁ ነው። ያ ካርድ በሦስት ተመሳሳይ ፓርቲዎች መካከል ተከፋፍሎ ለማትፈልጉት ዕጩ መሰላል እንዳይሆን፣ በአንድ ሳምንት ለተለጣጠፈ ኅብረትም መጫወቻ እንዳይሆን የመጠበቅ መብት አላችሁ። በምርጫው ዕለት በማለዳ ወጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡ። ከዚያ በፊት ግን በዕጩው ፊት ቆማችሁ ጠይቁ፦ አብረህ የቆምከው ከማን ጋር ነው? እስከ መቼስ ትቆያለህ?